ከሃያ ሁለት እስከ አልፕስ፦ ለጀማሪ ልጅ የሚሆነውን ቁልቁለት ስንመርጥ

ልጆቻችን አውሮፓ ከገቡ ወዲህ አዲስ አበባ የቀረነው ወላጆች ሳናስበው ብዙ አዲስ ቃል ለምደናል። መጀመሪያ «ወረቀት» ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። የልጅ ልጅ ሲወለድ «ኪታ» መጣ፤ የሕፃናት መዋያ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «ስኪ» መጣ። በደቡብ ጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ብርዱ ሲገባ ልጆች እግራቸው ላይ ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገር አስረው ከተራራ ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ። እኛ የበረዶ ሸርተቴ የምንለው ነው። እዚያ የተወለደ የሐበሻ ልጅም ጓደኞቹ የሚያደርጉትን ማድረግ ይፈልጋል። እናትና አባቱ ግን በረዶን የሚያውቁት ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው።

ስለዚህ ስልኩ ወደኛ ይደወላል። ታውቁታላችሁ፤ ነገር ሲቸግራቸው መፍትሔው በእጃችን እንደሌለ እያወቁም ይደውላሉ። ብዙዎቻችንም ቪዛ ሲገኝ ልንጠይቃቸው የምንሄደው የልጅ ልጆቹ ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ አንዱ የፈረንጆች ገና ነው። አያት ሆኖ ከተራራ ግርጌ ቆሞ «ይሄ ልጅ እዚህ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ» የሚለው ክርክር ውስጥ መግባት አይቀርም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ቀን ነው።

እኔ ስኪ አድርጌ አላውቅም፤ ጉልበቴም አይፈቅድልኝም። ነገር ግን 31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ተራራ የትም ቢሆን ተራራ ነው፣ ካርታም የትም ቢሆን ካርታ ነው።

ልጄ የምትኖረው ሙኒክ ነው። ትልቁ ልጇ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከሚያውቋቸው ቤተሰቦች ጋር ለአንድ ቀን ወደ ተራራ ሄዱ። አብሯቸው የነበረ አንድ ሰው፣ ክፋት ሳይኖረው፣ «ልጅ ቶሎ ይለምዳል፤ ከላይ እናስጀምረው» አለና በገመድ በሚሄደው ወንበር ይዞት ወጣ። ከዚያ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ቀዩ ብቻ ነበር። ልጁ ግማሹን በቂጡ፣ ግማሹን ሰው ተሸክሞት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እያለቀሰ ወረደ። አጥንቱ አልተሰበረም። ከዚያ ወዲያ ግን የስኪ ጫማ ባየ ቁጥር ሆዱን ያመው ጀመር። ክፍሉ ወደ በረዶ ሲወጣ እሱ ሌላ ክፍል ውስጥ ሥዕል ሲሥል ዋለ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ድምጿን ግን አውቀዋለሁ። «እማዬ፣ ከክፍሉ እሱ ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ቪዛዬ ሲመጣ ሁላችንም አንድ ሳምንት ተራራ ላይ ልናሳልፍ ተስማማን። ቦታውን መምረጥ ለእኔ ተሰጠ። አማቼ «አስተማሪዋ ትምረጥ» ብሎ ቀለደ፤ እኔ ግን የምሬን ያዝኩት። ሃያ ሁለት፣ ከጎላጉል ሕንፃ ጀርባ ያለው ቤቴ ውስጥ መነጽሬን አድርጌ፣ መብራት ባለ ቀን ሁሉ የአልፕስን ካርታ በስልኬ ሳገላብጥ ሰነበትኩ።

መጀመሪያ የተውኩት ነገር ዝናን ነው። ዝነኛ ተራራ አብዛኛውን ጊዜ ዝነኛ ያደረጉት ጎበዞቹ ናቸው። የኪትዝቡሄልን ስም ዓለም የሰማው የዓለም ፈጣን ሸርታቾች ገደል በሚመስል ቁልቁለት ላይ ስለሚወዳደሩበት ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ምን ይረባዋል? እርግጥ እዚያም ለስላሳ ቦታ አለ። ስሙ ግን ስለዚያ ለስላሳ ቦታ ምንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ቀለሙ ነው። አውሮፓ ውስጥ እያንዳንዱ የስኪ መንገድ ቀለም አለው። ፈረንሳይ ውስጥ ከሁሉ የቀለለው አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያለ ይከብዳል። በኦስትሪያ፣ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ግን ቆጠራው በአብዛኛው ከሰማያዊ ይጀምራል። አረንጓዴ ፈልጋችሁ ብታጡ «ለጀማሪ የሚሆን የለም» ማለት አይደለም። (ዴንቨር ልጅ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አሜሪካ ቀይ የሚባል ነገር የለም። አረንጓዴ ክብ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥቁር ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ሰማያዊ ከአውሮፓ ሰማያዊ ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትመኑ።)

በኦስትሪያና በጀርመን ደንብ መሠረት ሰማያዊ መንገድ ከአጫጭር ቦታዎች በቀር ከ25 በመቶ በላይ፣ ቀዩ ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ መዳፋት የለበትም። መቶኛው እንዲህ ነው፦ 100 ሜትር አግድም ስትሄዱ 25 ሜትር ከወረዳችሁ 25 በመቶ ይባላል። ልብ በሉ፣ 25 ጣሪያው ነው። 10 በመቶ የሚዳፋውም ሰማያዊ ነው፣ 24 በመቶ የሚዳፋውም ሰማያዊ ነው። ለጎልማሳ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ባለፈው ዓመት እያለቀሰ ለወረደ ልጅ ግን ሰማይና ምድር ነው።

እዚህ ላይ እስክሪብቶ ያዙ። የመንገዱን መነሻና መድረሻ ከፍታ ከካርታው ታገኛላችሁ፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። መነሻው 2,240፣ መድረሻው 2,000 ሜትር ቢሆን፣ ርዝመቱም ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 240ን ለ2,000 ስታካፍሉ 12 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ደኅና ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሒሳብ ይጠሉት ነበር፤ ለልጅ ልጃቸው ቢሆን ኖሮ ይወዱት ነበር ብዬ አስባለሁ። አማካይ ቁጥር ግን ሊያታልል ይችላል፤ መሃል ላይ አንድ ገደላማ ቦታ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ካወጣችሁ በኋላ የአካባቢውን የስኪ ትምህርት ቤት «ጀማሪ ልጆችን በሦስተኛው ቀን በየትኛው መንገድ ታወርዳላችሁ?» ብላችሁ አስጠይቁ። መልሳቸው ከቀለሙ ሁሉ ይበልጣል። የመንገዱን ስም ወዲያው ከጠሩላችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔ የፈለግሁት መውረጃውን ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የሚወጣበትን ነው፤ ያን ልጅ ያስለቀሰው ግን መውረጃው ነበር። ጀማሪ ከላይ ሆኖ ሲደክመው፣ ሲፈራ ወይም ሽንቱ ሲመጣ፣ ስኪውን አውልቆ በተዘጋ ካቢን ተቀምጦ መውረድ ይችላል ወይ? ካልቻለ፣ ከላይ ያለው ሜዳ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ለእኛ አይሆንም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ሌ ዶዛልፕ የሚባል ቦታ አለ። ለስላሳው ሜዳ ያለው ከላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የበረዶ ግግር ላይ ነው፤ ወደ መንደሩ የሚወርደው ፊት ግን ገደላማ በመሆኑ ይታወቃል። ጀማሪ ጠዋት በደስታ ይወጣል፣ ማታ መመለሻው ላይ ይጨነቃል፤ መፍትሔው በገመድ መኪናው መመለስ ነው። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ያለው አልፕ ዱዌዝ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰፊው የጀማሪ ሜዳ መንደሩን ወጣ እንዳላችሁ ይጀምራል። ርካሽ ነው ተብሎ ብዙ ሰው የሚሄድበት የቡልጋሪያው ባንስኮ ደግሞ የጀማሪ ሜዳው ከከተማው በላይ ሆኖ በካቢን ነው የሚደረሰው። በዓል ሲሆን ጠዋት ካቢኑ ዘንድ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ትንሽ ልጅ ይዞ መቆምን አስቡት።

ሌላው ከፍታ ነው፤ ይህ ለእኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ያስቃል። የአልፕስ ሰዎች «ከፍታው ያደክማችኋልና የመጀመሪያውን ቀን ረጋ በሉ» ይላሉ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። ከአውሮፓ የስኪ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የፈረንሳዩ ቫል ቶራንስ 2,300 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ እኛ ቡና የምናፈላው እነሱ ከፍታ ብለው በሚፈሩት ላይ ነው። እንጦጦማ ከዚያም በላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ተራራው ላይ ደረጃ ስወጣ ያለከለኩት እኔ አልነበርኩም፤ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሙኒክ ውስጥ የኖሩት ልጄና አማቼ ነበሩ።

ከፍታው የሚያስፈልገን ለትንፋሽ ሳይሆን ለበረዶው ነው። በፈረንጆች ገና ሰሞን ዝቅ ያሉት መንደሮች በረዶ ላይኖራቸው ይችላል፤ ካላቸውም በማሽን የተረጨ ጠንካራ በረዶ ነው። አማርኛችን ለሐምሌው ጠጠርም ለአልፕሱ ጥጥም «በረዶ» ይላል፤ ልጅ ሲወድቅ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጥጡ ያቅፋል፣ ጠጠሩ ይሰብራል። ስለዚህ በታኅሣሥ የምትሄዱ ከሆነ የጀማሪ ሜዳው ራሱ ከፍ ብሎ ያለበትን ቦታ፣ ወይም ከተራራው መሃል ጣቢያ ላይ የተሠራውን ምረጡ። መጋቢት ላይ ደግሞ ጠዋት የቀዘቀዘው በረዶ እንደ መስታወት ይደርቃል፤ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ይለሰልሳል፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ገንፎ ይሆናል። ጀማሪ የሚወደው መሃሉን ነው።

እንዲህ እያልኩ በመጨረሻ ያረፍኩት ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ ባለው ሰርፋውስ ላይ ነው። መንደሩ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የልጆቹ ሜዳ ግን ከእሱ በላይ፣ ኮምፐርደል በሚባለው መሃል ጣቢያ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ከመንደሩ ካቢን ይወስዳችኋል፤ በዚያው ካቢን ትመለሳላችሁ። አንድ ሺህ ገደማ ነዋሪ ያለው ይህ መንደር የራሱ የምድር ውስጥ ባቡር አለው ብላችሁ ታምናላችሁ? በ1985 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ በጎማ ሳይሆን በአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። ለእንግዳ መኪና መንደሩን ስለዘጉት፣ ልጅና ስኪ ተሸክሞ በበረዶ መንገድ መንገላታት የለም። አማቼ ባቡሩን ከስኪው በላይ ወደደው።

የልጆቹ ሜዳ በአጥር የተከለለ ነው። ይህንን አጥር በጣም ወደድኩት፤ ከላይ በፍጥነት የሚመጡት ትልልቆቹ በመሃሉ አያልፉም። ለጀማሪ የመረጣችሁት ቦታ የሌሎች መተላለፊያ ከሆነ፣ ዳገቱ ለስላሳ መሆኑ ልጁን ከመገጨት አያድነውም። መውጫው ደግሞ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው፤ ኤርፖርት ሻንጣችን የሚመጣበትን ቀበቶ አስቡ፤ ልጁ ይቆምበታል፣ እሱ ቀስ እያለ ያወጣዋል። ምንጣፍ የሌለበት የጀማሪ ቦታ በቂጥ ወይም በእግር መሃል ይዘው በሚጎተቱበት ዘንግ ነው የሚሠራው፤ እሱን መልመድ ራሱ ለትንሽ ልጅ ከስኪው ይከብዳል። ስትመርጡ «ምንጣፍ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በብዙ ቦታ ለምንጣፉ ብቻ የሚሆን ርካሽ ቲኬት አለ፤ አንዳንድ ቦታም በነፃ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ለተራራው ሁሉ የሚሆነውን ውድ ቲኬት መግዛት ብር መበተን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ልጁ ጫማውን አላደርግም አለ። ማንም አልተቆጣውም። አራት ዓመት የሆናት እህቱ ግን፣ ምንም የማታውቀው፣ ስኪዋን አስራ ምንጣፉ ላይ ቆማ ወጣች፤ ወደቀች፤ ሳቀች፤ እንደገና ወጣች። እሱ ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ትኩስ ቸኮሌት ይጠጣ ነበር። ከብዙ ዝምታ በኋላ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «እማማ፣ ሐበሻ ስኪ አይችልም» አለኝ።

እንግዲህ ፍርሃቱ የቀዩ ቁልቁለት ብቻ እንዳልነበረ የዚያን ጊዜ ገባኝ።

ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኩት። ሮቤል አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ፤ ስኪንም እዚያው ተማረ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ ገባ፤ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትወከል የመጀመሪያዋ ነበር፤ ተወዳዳሪዋም እሱ ብቻ ነበር። የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ካናዳ፣ ቫንኩቨርም ሄደ። «አሸነፈ?» አለኝ። አላሸነፈም፤ ከኋለኞቹ ጋር ነው የገባው፤ ግን ጨርሷል። ልጁ አሰበበትና «ወድቋል?» አለ። ስኪ የሚያደርግ ሁሉ ይወድቃል አልኩት።

ሰሜን ተራሮቻችን ላይም በረዶ እንደሚወርድ ነገርኩት። በአክሱም ዘመን አንድ ንጉሥ፣ ስሙ ያልቆየልን፣ አዱሊስ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ስለ ሰሜን ዘመቻው ሲናገር፣ በረዶው ጉልበት ድረስ የሚያሰጥም መሆኑን ጽፏል። ጽሑፉን በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ገልብጦ ባያስቀምጠው ጠፍቶ ይቀር ነበር። ልጁ ግን ነጋዴው ብዙም አልገረመውም። «ወታደሮቹ ስኪ ነበራቸው?» አለኝ። አልነበራቸውም። «እና እንዴት ወረዱ?» እኔም እንደሱ በቂጣቸው ሳይሆን አይቀርም አልኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ቀን ሳቀ።

በማግስቱ ጫማውን አደረገ። እንግዲህ ማን ያስተምረው የሚለው መጣ። አማቼ ራሱ ትንሽ ይችላል፤ «እኔ እይዘዋለሁ» አለ። በዚህ ላይ ልጄም እኔም በአንድ ቃል እምቢ አልን። አባት ሲያስተምር ልጅ የሚሰማው ትምህርቱን ሳይሆን የአባቱን ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ሲያስተምረው ግን እኩዮቹን እያየ ይሠራል። የቡድን ትምህርት ከግል ይረክሳል፣ ለዚህም ዓይነት ልጅ ይሻላል። አስተማሪዎቹ ለልጆች የሚጠቀሙበት ቋንቋ ደስ ይላል፦ ለመቆም የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ከኋላ መክፈት «ፒዛ» ይባላል፣ ለመሄድ ሁለቱን ቀጥ አድርጎ ማስተካከል ደግሞ «ድንች ጥብስ»። ቀኑን ሙሉ ተራራው «ፒዛ! ፒዛ!» በሚል ጩኸት ይሞላል።

ስለ ምግብ ከተነሳ፣ የገና ጾም ላይ ስለሆንን የተራራው ምሳ ለእኔ ችግር ነበር። ያገሩ ዝነኛ ምግብ እንቁላልና ወተት ያለበት ነው፤ የምስር ሾርባ አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ ውስጡ ቋሊማ አለ። ሳምንቱን በድንች ጥብስ፣ በሰላጣና ከሃያ ሁለት ይዤ በሄድኩት በሶ አሳለፍኩት። የምትጾሙ ሆናችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ለምትሄዱ፣ ኩሽና ያለው ቤት ተከራዩ፤ ሽሮ ተራራ ላይ ይጣፍጣል። ልጆቹም ከሆቴሉ ምግብ ይልቅ እሱን ነው የበሉት።

ለእኛ ለማንሸራተተውም ሥራ አይጠፋም። አብዛኞቹ መንደሮች በረዶው የተደለደለ የእግር መንገድ አላቸው። ጉልበታችሁ ደኅና ከሆነና የሆነ ነገር መሞከር ካማራችሁ ደግሞ ሮቤል የተወዳደረበት ዓይነት ስኪ አለ፤ አገር አቋራጭ ይሉታል። ሜዳ ለሜዳ ነው የሚኬደው፤ ገደል የለውም፣ ወንበር ላይ ሆኖ በአየር መሄድ የለውም፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ከእኔ የሚበልጡ አዛውንት ሴቶች ሲያደርጉት አይቻለሁ። እኔ ግን በአጥሩ ዙሪያ መራመዴን መረጥኩ።

ልብስን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፦ ጂንስ አታልብሱ፤ ውኃ ይጠጣና ይደርቅበታል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ። ጋቢ ለመኝታ ያዙ፤ ለተራራው አይሆንም። ፀሐዩን ግን አትናቁ። «እኛ ጥቁሮች አያቃጥለንም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ትኩስ በረዶ ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ፊት ላይ ያንጸባርቀዋል። ክሬምና መነጽር ለልጅም ለአያትም ያስፈልጋል። ራስ ቁር ግዴታ ነው ወይ ለምትሉ፣ ጣሊያን በ2022 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ላለ ሁሉ በሕግ አስገድዳ ነበር፤ አሁን ደግሞ ግዴታው ዕድሜ ሳይለይ ለሁሉም ነው። ሕግ በሌለበትም ቢሆን እኔ ያለሱ ልጅ አላወጣም። ስኪውም፣ ጫማውም፣ ራስ ቁሩም እዚያው ይከራያል፤ ልጅ በየዓመቱ ስለሚያድግ መግዛት አያዋጣም።

ኢንሹራንስ ደግሞ አለ። ለሸንገን ቪዛ የምንገዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ውሉ ግን ስኪን ላያካትት ይችላል፤ ከተራራ ላይ በሄሊኮፕተር የማውረጃውንም እንዲሁ። የልጅ ልጆቻችሁን ከአዲስ አበባ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት «ስኪ ይሸፍናል?» ብላችሁ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ።

ደግሞ ተራራው የራሱ የመንገድ ሕግ አለው። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ያወጣቸው አሥር ደንቦች አሉ። ለልጅ ሁለቱን ማስተማር ይበቃል፦ ከፊት ያለው ቅድሚያ አለው፣ ከኋላ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው፤ ለማረፍ ደግሞ መሃል ላይ አይቆምም፣ ጠርዝ ይያዛል። ልጁ ሁለተኛውን ሲሰማ «እንደ ሃያ ሁለት ታክሲ አይደለም» አለ። በጋ እኔ ዘንድ መጥቶ ያየውን አልረሳም።

በአራተኛው ቀን አስተማሪዋ ቡድኑን ይዛ ከአጥሩ ወጣች። አንድ ሰማያዊ መንገድ ላይ፣ ዳክዬ እናቷን እንደምትከተል በሰልፍ ሲወርዱ ከታች ሆኜ አየኋቸው። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ተነሳ። በአምስተኛው ቀን አባቱ ወኔ መጥቶበት «ቀዩን አንድ ጊዜ አብረን እንሞክረው? ፎቶ እናነሳሃለን» አለው። ልጁ ወደ ላይ አየ፣ ወደኔ አየ። «ሰማያዊ ይበቃኛል» አለና ወደ ምንጣፉ ሄደ። አማቼ ትንሽ ቅር አለው። እኔ ግን፣ አንድ ልጅ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ አዋቂ ፊት እምቢ ማለቱ ከመንሸራተቱ በላይ አስደሰተኝ፤ ማታም ለአማቼ ይህንኑ ነገርኩት።

እኔ ለጥምቀት አዲስ አበባ ተመለስኩ። የካቲት ላይ የልጁ ክፍል ወደ በረዶ ወጣ፤ በዚህ ዓመት ሥዕል ክፍል የቀረ የለም። ልጄ በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። አሥር ልጆች በአንድ ሰልፍ፣ ሁሉም ራስ ቁርና መነጽር አድርገው ፊታቸው አይታይም። እሱ ከኋላ ሦስተኛው ነው። ያወቅሁት በእግሩ ነው፤ ፒዛውን ከሁሉም አስፍቶ ከፍቷል።